«የወፍ በሽታ ነው» ያሉኝ ሰሞን

ኅዳር 12 የእማዬ የሚካኤል ዝክር ነው። የምትኖረው ከባሕር ዳር የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ባላት ትንሽ ከተማ ነው፤ የትም ብሆን ለዚያ ቀን አልቀርም። ያን ዓመትም ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ ሄድኩ። ዶሮ ወጡ ሲቀርብ ግን ሽታው አናቴ ላይ ወጣብኝ። ሰበብ ፈልጌ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። «መንገዱ ነው ያደከመኝ» ብዬ ራሴን አታለልኩ። ቡናው ሲቆላ ደግሞ ሆዴ ተገለባበጠ። እኔ እኮ ጠዋት ቡና ሳልጠጣ ሰው የማላናግር ሰው ነኝ። እማዬ ሲኒዬ እንደሞላ መቀመጡን አየች። «አንተ ልጅ፣ አሞሃል» አለችኝ። ከሐኪም ሁሉ ቀድማ ያወቀችው እሷ ናት።

ሐኪም አይደለሁም፣ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ይህን የምጽፈው ዛሬ ማታ ዓይኑ ቢጫ ሆኖበት ስልኩ ላይ «ጉበት» ብሎ ለሚፈልግ ሰው ነው። እኔም ያኔ እንደዚያ ፈልጌ ነበር። ያገኘሁት ወይ የሚያስፈራራ ነው፣ ወይ መድኃኒት የሚሸጥ። በቀጣዮቹ ስድስት ወራት ያየሁትንና ዶክተሯን እየነዘነዝኩ የተረዳሁትን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ሳምንት ምንም ቢጫ ነገር አልነበረበትም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ድካም ነበረ፤ ተኝቼ ስነሳ ከመተኛቴ በፊት ከነበረው የባሰ ድካም። ትንሽ ትኩሳት። ጠዋት ጠዋት ጉልበቴንና የእጄን መገጣጠሚያዎች ይይዘኛል። በቀኝ በኩል ከጎድኔ ሥር ሕመም ለማለት የሚከብድ፣ ድንጋይ የታቀፍኩ ዓይነት ስሜት። ምግብ ማየት አልፈልግም። አጫሾች በድንገት ሲጋራ ሲያስጠላቸው ሐኪሞች ጉበትን ይጠረጥራሉ አሉ። የእኔ ሲጋራ ቡናዬ ነበር። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ እኔ ከጀመርኩ ሦስት ቀን ሆኖኝ ነበር።

አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ደም ተወሰደ፤ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ውጤት መጣ። «ታይፎይድና ታይፈስ።» አገራችን ውስጥ ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ ገብቶ እነዚህን ሁለት ስሞች ሳይሸከም የወጣ ሰው ካለ ባገኘው ደስ ይለኛል። ዊዳል የሚሉት ምርመራ ድሮ ያለፈን ኢንፌክሽን የዛሬ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል፤ የጉበት ሕመም ራሱ ሊያሳስተው ይችላል። ይህን ያኔ አላውቅም። ሲፕሮ የሚባል አንቲባዮቲክ ተሰጠኝ፣ መርፌ ተወጋሁ። ፓራሲታሞሉን «ሲያምህ ውሰድ» ስለተባልኩ እንደ ከረሜላ ነበር የምውጠው። ጉበቴ እየነደደ እንደነበር ያሰበ ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

በአምስተኛው የሲፕሮ ቀን ሽንቴ ተቀየረ። ወፈር ብሎ የተቀዳ ሻይ መሰለ። ውሃ ስላነሰኝ ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ ውሃ ጠጣሁ። ቀለሙ ንቅንቅ አላለም። በማግስቱ ደግሞ ሰገራዬ ነጣ፤ የሸክላ ጭቃ ነው የሚመስለው። አንዱ ሲጠቁር ሌላው መንጣቱ ግራ አጋባኝ። ነገሩ ግን አንድ ነው። ያረጁ ቀይ የደም ሴሎች ሲፈርሱ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣል። ጉበት ይህን አጣርቶ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይልከዋል። ሰገራ ቡናማ የሚሆነው በሱ ነው። ጉበት ሲቆጣ ቢሊሩቢኑ ወደ አንጀት መሄዱን ትቶ ወደ ደም ይመለሳል፤ ከዚያ በኩላሊት በኩል ይወጣል። ቀለሙ መንገድ ተሳስቷል ማለት ነው። እንደ ሻይ የጠቆረና ውሃ ጠጥታችሁ የማይቀጥን ሽንት ካያችሁ ዓይናችሁ ቢጫ እስኪሆን አትጠብቁ። ከዓይን ቢጫነት የሚቀድመው እሱ ነው።

ዓይኔን ያየችው እማዬ ናት፤ ሕመሙ አልለቀው አለ ሲባል ባሕር ዳር መጥታ። የመኝታ ቤታችን አምፖል ብርሃኑ ቢጫ ነው። ባለቤቴ ማታ ማታ ከሥራ ገብታ እያየችኝ ምንም አላየችም። እማዬ ግን «ና እስኪ ወደ በር ውጣ» አለችኝና በቀን ብርሃን የታችኛውን የዓይኔን ሽፋን በአውራ ጣቷ ወረድ አደረገችው። ዝም አለች። ቀጥላ ምላሴን አሳየኝ አለችኝ፤ ምላሴ ሥርም ቢጫ ነው። የእኛ ቆዳ ጠይም ስለሆነ ቶሎ አያሳብቅም። መታየት ያለበት የዓይን ነጩና ምላስ ሥር ነው፣ ደግሞም በፀሐይ ብርሃን።

«ወፍ ነው» አለች።

የወፍ በሽታ የሚለው ስም ከየት እንደመጣ ሁላችንም ሰምተን ያደግን ነን። የሌሊት ወፍ በላይህ ስታልፍ ነው ይላሉ፤ ሽንቷ ሲነካህ ነው የሚሉም አሉ። መድኃኒቱ ያለው ደግሞ አዋቂ ዘንድ ነው። እማዬ የምታምናቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። ስንትና ስንት ሰው አድነዋል። ሄድን። አረንጓዴ ጭማቂ በብርጭቆ ሰጡኝ፤ ግማሹን ጠጥቼ እዚያው አስመለስኩት። ከዚያ ምላጭ አወጡ። ክንዴን በጣ በጣ አድርገው የተደቆሰ ነገር ሊቀቡኝ ነው። እንቢ አልኩ። ጀግና ስለሆንኩ ወይም ሳይንስ ስለገባኝ እንዳይመስላችሁ። ምላጭ ስለምፈራ ነው።

ሽማግሌውን አላሽሟጥጥም። ሐሰተኛ ናቸውም አልልም፤ ያዳኑ የሚመስላቸው በቅንነት ነው። በኋላ ዶክተሯ ያሉኝን ግን ማታ ማታ ተኝቼ አስበው ነበር። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ጎልማሳ፣ በሽታው ሄፓታይተስ ኤ ወይም ኢ የሚባለው የጉበት በሽታ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይሰጠው በሳምንታት ውስጥ ይድናል። ቢ የያዘው ጎልማሳም ብዙውን ጊዜ እንደዚያው። ስለዚህ ቅጠል የሰጠው ሰው ምስጋናውን ይወስዳል፤ ጸበል የጠጣው ስለ ጸበሉ ይመሰክራል፣ ማር የላሰው ስለ ማሩ። ያልዳነው ደግሞ አይመሰክርም። ቅጠል ሁሉ ደግሞ ገር አይደለም። ጉበትን የሚጎዳ ተክል አለ፤ በትግራይ ታሕታይ ቆራሮ አካባቢ ከእህል ጋር የተቀላቀለ የአረም መርዝ ሰዉን ለጽኑ የጉበት በሽታ ዳርጎት ነበር። በተቆጣ ጉበት ላይ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር መጨመር ቁማር ነው።

በማግስቱ ባለቤቴ ክርክሩን ዘጋችው። «አሁን ተነስ፣ ሆስፒታል» አለች። እማዬም ተከተለችን።

የውስጥ ደዌ ሐኪሟ መጀመሪያ የደም ወረቀት አልጻፉም። ጠየቁኝ። ባለፉት ስድስት ወራት መርፌ የት ተወጋህ? ጥርስ ተነቅለሃል? ደም ወስደሃል? ፀጉርህን የት ትስተካከላለህ? ከባለቤትህ ውጭ ግንኙነት ነበረህ? (እማዬ እንድትወጣ ካደረጉ በኋላ ነው ይህን የጠየቁኝ፤ አመሰግናቸዋለሁ።) የምትጠጡት ውሃ ከየት ነው? ሠፈር ውስጥ ሌላ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው አለ? የቲቢ መድኃኒት ትወስዳለህ? አረቄ፣ ጫት? ቅጠሉን ስነግራቸው ዓይኔን አይተው ዝም አሉ። ፓራሲታሞሉን ስነግራቸው ግን ተቆጡ፤ ሲበዛ ጉበትን ይጎዳል።

«ሄፓታይተስ ማለት ጉበት ተቆጥቷል ማለት ብቻ ነው» አሉኝ። «ማን እንዳስቆጣው አይናገርም። ቢጫነትም እንደዚያው። ወባ ቢጫ ያደርጋል፣ ቅማል የሚያስተላልፈው ግርሻ ቢጫ ያደርጋል፣ የሐሞት ጠጠር ቢጫ ያደርጋል፣ መድኃኒትም ያደርጋል። አንተ አሁን ስም ነው የምትፈልገው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ጉበትህ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

የመጀመሪያው ቀን ውጤት ይህን ይመስል ነበር። ኤስጂፒቲ የሚባለው የጉበት ኢንዛይም 1,840። ጤነኛ ሰው 40 አካባቢ ነው። ቢሊሩቢን 9.2፤ ጤነኛው ከ1.2 አያልፍም። ለወባና ለግርሻ ደሜ በማይክሮስኮፕ ታየ፤ የለም። አልትራሳውንድ ላይ ጉበቴ ትንሽ አብጧል፤ የሐሞት ቱቦው አልተዘጋም፣ ጠጠርም የለም። ኢንዛይሙ በሺህ ሲቆጠር አብዛኛውን ጊዜ ወይ ቫይረስ ነው፣ ወይ መድኃኒትና መርዝ፣ ወይ ለጉበት ደም ያጠረበት ጊዜ ነው። አልኮል ብቻውን እንዲህ አያደርሰውም።

እኔ 1,840ን አይቼ የሞትኩ መሰለኝ። ዶክተሯ ግን ያዩት ሌላ ቁጥር ነበር፤ አይኤንአር የሚባል፣ ደም ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚለካ። የእኔ 1.3 ነበር። ይህ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ትምህርት ስለሆነ ቀስ ብዬ ልናገር። ኤስጂፒቲ የሚነግራችሁ ስንት የጉበት ሴል እንደተጎዳ ነው። ቤቱ ሲቃጠል የሚታየው ጭስ በሉት። አይኤንአር ደግሞ ቤቱ ውስጥ ሰው አሁንም እየሠራ መሆኑን ነው የሚነግራችሁ፤ ምክንያቱም ደም የሚያረጉትን ነገሮች የሚሠራው ጉበት ነው። ኤስጂፒቲ ሲወርድ አይኤንአርና ቢሊሩቢን እየወጡ ከሆነ ደስ አይበላችሁ። የሚጨስ ነገር አልቆ ሊሆን ይችላል። «1.5 ከደረሰ አስተኛሃለሁ» አሉኝ። አልደረሰም።

ሁለት እጄን ወደፊት ዘርግቼ መዳፌን ትራፊክ ፖሊስ መኪና እንደሚያስቆም ቀጥ እንዳደርገውም ጠየቁኝ። መዳፍ እንደ ክንፍ ከተርገበገበ ጉበት ያላጣራው መርዝ ጭንቅላት ደርሷል ማለት ነው። «ወፍ» የተባለ ሰው ክንፍ ማውጣቱ ሲፈተሽ ለመሳቅ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ለባለቤቴ ግን ሳይስቁ ነገሯት። ቀን ተኝቶ ሌሊት ካፈጠጠ፣ ነገር ከተምታታበት፣ ያለ ወትሮው ከተነጫነጨ፣ ድዱ ወይም አፍንጫው ከደማ፣ የሚጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ በዚያው ሰዓት ይዘሽው ነይ፣ ሌሊትም ቢሆን። በቫይረስ ሄፓታይተስ እዚህ የሚደርሰው ከመቶ አንድ ሰው እንኳን አይሞላም። ግን ለሚደርሰው ሰው ሰዓታት ዋጋ አላቸው።

ከዚያ የስሙ ጉዳይ መጣ። የጉበት ቫይረሶች አምስት ናቸው፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ። ኤ እና ኢ በአፍ ይገባሉ፤ በሰገራ በተበከለ ውሃና ምግብ። ቢ፣ ሲ እና ዲ በደም፤ ቢ በተለይ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ልጅም። ዲ ብቻውን አይቆምም፤ ቢ ያለበት ሰው ላይ ነው የሚንጠላጠል። ከደጅ ሲታዩ አምስቱም አንድ ናቸው። ዓይን አይቶ፣ ሽንት አይቶ «ይሄ ኤ ነው፣ ይሄ ቢ ነው» የሚል ሐኪም የለም። የሚለየው ደም ነው።

የእኔ ውጤት በግማሽ ሰዓት ወጣ። ኤች ቢ ኤስ ኤጂ፣ ፖዘቲቭ። ሄፓታይተስ ቢ።

ላብራቶሪ ያለው ልጅ ወረቀቱን አጥፎ ነው የሰጠኝ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እኔ ወዲያው ትዝ ያለችኝ የጎረቤታችን ልጅ ናት። ወደ ሳዑዲ ለሥራ ልትሄድ ስትመረመር «ሄፓታይተስ ቢ አለብሽ» ተብላ ቀረች። አንድም ቀን አሟት አያውቅም። «የዕድሜ ልክ ነው» አሏት። እኔም የዕድሜ ልክ መሰለኝ። ዶክተሯ ክፍል ተመልሼ ስገባ ገና ሳልቀመጥ «ልጆቼ...» ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው።

«ወንድሜ፣ ተረጋጋ» አሉኝ። «ይህ ወረቀት ቫይረሱ አለ ይላል። መቼ እንደገባ አይልም።»

ልዩነቱ ሰፊ ነው። በጨቅላነቱ የተያዘ ልጅ ከመቶ 95 ያህሉ ቫይረሱን ይዞ ይቀራል፤ ሰውነቱ ስለማይዋጋው ዓይኑም ቢጫ አይሆንም። የጎረቤታችን ልጅ እንደዚያ ሳትሆን አትቀርም። በጎልማሳነቱ የተያዘ ሰው ግን ቫይረሱ የሚቀርበት ከመቶ ከ5 በታች ነው። ያ ሁሉ ቢጫነትና ድካም ሰውነት ሲዋጋ የሚመጣ ነው። ጉበትን የሚያቆስለው በዋናነት ቫይረሱ ሳይሆን የራሳችን መከላከያ ነው፤ ሌባውን ሊይዝ ብሎ ቤቱን የሚሰብር።

አዲስ መሆኑን የሚለይ ሌላ ምርመራ አለ፤ የኮር አይጂኤም ይባላል። ናሙናው አዲስ አበባ ተላከ። ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ያን ዘጠኝ ቀን አልረሳውም። ፖዘቲቭ ሆኖ መጣ፤ ደስ የሚል ፖዘቲቭ በሕይወቴ ያየሁት እሱን ብቻ ነው። ዶክተሯ ግን ሙሉ በሙሉ አላረጋገጡልኝም። ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ሲያገረሽም ይህ ምርመራ አንዳንድ ጊዜ ፖዘቲቭ ይሆናል። የመጨረሻው ፍርድ ስድስት ወር ነው፤ ከስድስት ወር በኋላ ኤች ቢ ኤስ ኤጂ ከጠፋ ድኗል፣ ካልጠፋ ሥር ሰዷል። ተቃራኒውም አለ። ዘግይቶ የተመረመረ ሰው ኤች ቢ ኤስ ኤጂው ጠፍቶ መከላከያው ገና ሳይታይ መሃል ላይ ይደርሳል። ያኔ የኮር አይጂኤም ካልተሠራ «ቢ የለብህም» ተብሎ ይሸኛል። ሰውነት ሄፓታይተስ ሲን ለመዋጋት የሚሠራው ፀረ እንግዳ አካልም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይታይ ስለሚችል በሦስተኛው ወር ደገሙልኝ። ኤችአይቪም እንደዚሁ። በአንድ ቀን አንድ ወረቀት ነገሩ አያልቅም።

ቤት ስንመለስ እማዬ ሰሃኔንና ብርጭቆዬን ለየች። ምንም አላለችም፤ ዝም ብላ ለየች። ማታ ትንሿ ልጄ ልታጎርሰኝ እጇን ስትዘረጋ እማዬ እጇን ያዘቻት። እስከ ዛሬ ከሕመሙ ሁሉ የሚያመኝ እሱ ነው። በቀጠሮው ቀን ለዶክተሯ ነገርኳቸው፤ እማዬን አስጠሯት። «እናቴ፣ ይሄኛው በመሶብ አይተላለፍም፣ በጉርሻም አይተላለፍም። አቅፈው ይሳሙት» አሏት። «ታዲያ ሚስቱን ለምን ትወጓታላችሁ?» አለች እማዬ፤ ሞኝ አይደለችም። ባለቤቴ ተመርምራ ነጻ ነበረች፤ በዚያው ቀን ክትባት ጀመረች፣ በወሩ ሁለተኛውን፣ በስድስተኛው ወር ሦስተኛውን። ልጆቹ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው በወሰዱት ክትባት ውስጥ ሄፓታይተስ ቢም አለ፤ አገራችን ይህን ከእ.ኤ.አ. 2007 ጀምሮ ትሰጣለች። እኔ ግን ከዚያ በፊት የተወለድኩ ነኝ፤ የእኔ ዕድሜ ሰው አብዛኛው እንደኔው ነው። ምላጬንና የጥርስ ብሩሼን ብቻ ለየሁ። ባለቤቴ ክትባቱን እስክትጨርስ ድረስ ኮንዶም።

የእኔ በሽታ ኤ ወይም ኢ ቢሆን ኖሮ እማዬ ግማሽ ትክክል ትሆን ነበር። እነዚያ በእጅና በሰገራ ነው የሚሄዱት፤ ብዙ ቫይረስ የሚወጣው ደግሞ ዓይን ቢጫ ከመሆኑ በፊት ነው። ሰሃን ከመለየት እጅን በሳሙና መታጠብ ይሻላል።

አልጋ ላይ ስልክ ከማየት ሌላ ሥራ ስላልነበረኝ ስለ ሌሎቹም አነበብኩ። ሄፓታይተስ ኤ አገራችን ውስጥ አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ሳያውቀው የሚያልፍበት ነው። ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሲይዘው ቢጫ የሚሆነው ከአሥሩ አንዱ ብቻ ነው፤ ከዚያ ዕድሜ ልኩን አይዘውም። ንጹሕ ውሃ ጠጥቶ ያደገ ሰው ግን ሲያድግ ያገኘዋል፤ ያኔ ይጥለዋል። አሜሪካና አውሮፓ የተወለዱ ልጆቻችሁን ለክረምት አያታቸው ጋ የምታመጡ ወገኖቼ፣ ከመነሳታችሁ በፊት የኤ ክትባት አስከትቡ። እናንተን ያልያዛችሁ እዚህ ስላደጋችሁ ነው።

ኢ ደግሞ የስደተኛ መጠለያና የጦር ሰፈር በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በሰሜን ኢትዮጵያ ወታደሮች መሃል ተነስቶ ነበር፤ በ2014 ደግሞ በጋምቤላ በደቡብ ሱዳን ስደተኞች መጠለያ። ቫይረሱን ለማግኘት አንድ የሶቪየት ተመራማሪ፣ ሚካሂል ባላያን፣ የሠራውንና በ1983 ያሳተመውን ሳነብ ማቅለሽለሼ ተመለሰ። አፍጋኒስታን ውስጥ ከታመሙ ወታደሮች ሰገራ የተጣራ ነገር ራሱ ጠጣ፤ ከወር ትንሽ አልፎ ቢጫ ሆነ፣ ቫይረሱንም በራሱ ሰገራ ውስጥ አገኘው። ስለ ኢ አንድ ነገር ብቻ ያዙ፦ ለአብዛኛው ሰው ቀላል ነው፣ ለነፍሰ ጡር ግን አይደለም። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ከያዛት ከመቶ እስከ 20 እና 25 የሚሆኑት ይሞታሉ። ዓይኗ ቢጫ የሆነ ነፍሰ ጡር አዋቂ ጋ አትሂድ፣ ነገም አትበሉ።

ሕክምናው? የለም ማለት ይቻላል። እረፍት፣ ውሃ፣ የቻልኩትን ምግብ። «ቅባት ክልክል፣ ሥጋ ክልክል» የሚለው ሁሉ መሠረት የለውም አሉኝ፤ የሚያስመልስህን ተው፣ ሌላውን ብላ። ጠዋት ላይ ስለሚሻለኝ ዋናውን ምግቤን ጠዋት አደረግኩት። ጠላም፣ ጠጅም፣ አረቄም የለም። ያለ ትእዛዝ አንድም ኪኒን የለም። ለቢ የሚሰጥ ፀረ ቫይረስ አለ፤ በአጣዳፊው ጊዜ ግን የሚሰጠው ጉበቱ እየደከመ ላለ ሰው ነው። በየሳምንቱ ደም ሰጠሁ። በሦስተኛው ሳምንት ማሳከክ መጣ፤ ሌሊት በማበጠሪያ እግሬን ስፍቅ አድር ነበር። ዘጠኝ ኪሎ ቀነስኩ። ገና ሲደርስ ዓይኔ ሊጠራ ምንም አልቀረውም፣ ድካሙ ግን እስከ ፋሲካ አልለቀቀኝም። ሰው «ዳንክ አይደል እንዴ?» ሲል ታፍራላችሁ፤ አይዟችሁ፣ ድካሙ ከቢጫው በኋላ ነው የሚወጣው።

ከየት ያዘኝ? ሄፓታይተስ ቢ ከገባ በኋላ ለመታየት ከ30 እስከ 180 ቀን ይፈጃል። ዶክተሯ ከኅዳር መጀመሪያ ወደ ኋላ እንድቆጥር አደረጉኝ። ጥቅምት፣ መስከረም፣ ጳጉሜ፣ ነሐሴ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ እማዬ ጋ ሄጄ ወገቤን ሲያመኝ ዋግምት ታግሜ ነበር። ምላጭ የምፈራው ሰው፣ ጀርባዬ ላይ ስለሆነና ስለማላየው ነው የቻልኩት። ሰውየው ቀንዱን ከማስቀመጡ በፊት ጀርባዬን ሲበጣ ምላጩን ከምን እንዳወጣው አላየሁም። ከእኔ በፊት ሁለት ሰው ነበር። ፀጉር ቤቱም ሊሆን ይችላል፤ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ቫይረሱ ግን በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ሰባት ቀን ይቆያል።

ግንቦት ላይ ተመረመርኩ። ኤች ቢ ኤስ ኤጂ ኔጋቲቭ። መከላከያው ፖዘቲቭ። ዶክተሯ ካርዴ ላይ አንድ ነገር ጻፉ፤ ወደፊት የካንሰር ወይም የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም ሕክምና ከታዘዘልኝ ይህን ታሪኬን እንድናገር። ተኝቶ የቀረ ቫይረስ ሊነቃ ይችላል። ከዚያ ውጭ «ሂድ፣ ቡናህን ጠጣ» አሉኝ።

በዚያው ሳምንት እማዬ ጋ ሄድኩ። ከሱቅ ሁለት ፓኬት ምላጭ ገዝቼ ዋግምት አጋሚው ቤት ገባሁ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ሳልከስ፣ እንደ ልጅ። «እኔ እኮ ሁልጊዜ በአልኮል እጠርገዋለሁ» አሉ። መጥረጉ እንደማይበቃ፣ ለአንድ ሰው አንድ ምላጭ፣ ከዚያ መጣል እንደሆነ ነገርኳቸው። የቀንዱንም ነገር አነሳሁባቸው። ምላጮቹን ተቀብለው አገላብጠው አዩና ጥሩ ዕቃ መሆናቸውን ራሳቸውን ነቅንቀው መሰከሩ። ደረታቸው ኪስ ውስጥ ከተቷቸው። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ታዲያ ይዘኸው ከመጣህ አይቀር፣ ወገቡስ እንዴት ሆነ? ልየው?»